ሌሊት የምትቆጥር ቆርቆሮ

ሞተርህ ከእኛ ጋር፣ ቤት ነው የሚያድረው፤
ውጭ ቢያድርማ፣ ኮጆ፣ ጠዋት ሌላ ሰው ነው የሚነዳው።
ኪራይ እንደማይከፍል እንደ ሩቅ ዘመድ
ከአልጋችን ሥር ይተኛል፣ ሰፊውን ቦታ ወስዶ በግድ።

መብራት ስናጠፋ ወሬውን ይጀምራል፦
ጠብ።
ዝም።
ጠብ።
ከሥሩ ያስቀመጥኩት የቲማቲም ቆርቆሮ
እየቆጠረ ያድራል የሚፈሰውን ኑሮ።
አንተ ታንኮራፋለህ። እኔ አብሬው እቆጥራለሁ።
መቶ ሃያ ላይ ስደርስ ሴናሚ ትስላለች፤
«እማ፣ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተኝ» ትላለች።
ኩራዙን ካጠፋሁት ዘጠኝ ቀን አልፎኛል፤
ተቃጥሎ ከማደር በጨለማ መዳበስ ይሻላል።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ፣
ኮቶኑ ቤንዚን የሚገዛው ከእንደ እኔ ያለች ሴት ነው፤
ከድንበር ማዶ የመጣውን በጨርቅ አጥልዬ፣
በሊትር፣ በግማሽ ሊትር፣ ሳላጎድል ምዬ፣
ቀን የሸጥኩልህን (አዎ፣ ለአንተም በብድር ነው የምሸጠው)
ሌሊት ሞተርህ መልሶ ለቆርቆሮ ነው የሚሰጠው።

«ሩቢኔቱ ነው» ስልህ፣ «አውቃለሁ»።
«ቀይረው» ስልህ፣ «ነገ»።
ዶሱ መካኒኩ ለአዲሱ ሦስት ሺህ ተኩል ፍራንክ ብሎሃል፤
አንተ በሁለት መቶ የሚጠግን ሰው አግኝተሃል!
ከተጣለ የብስክሌት ከመነዳሪ ክብ ቆርጦ ሰጠህ፤
ሦስት ቀን ደረቀ። በአራተኛው ጎማው ቤንዚኑን ጠጥቶ፣
እንደ ሰካራም ከንፈር አብጦ፣ ያንጠባጥብ ጀመር አፉን ከፍቶ።

እሑድ ለአጎትህ ቀብር ዊዳ ሄድክ።
ጨርቅ አነጠፍኩ፤ ባዶ ጠርሙሶቼን ደረደርኩ።
«ሰልባትዮው ባዶ ነው፣ አበድሪኝ» ያልከው ትናንት ማታ ነበር፤
ሦስት ሊትር ተኩል ወጣ። ይቅር፣ ስለ እሱ ሌላ ቀን እንነጋገር።

ሁለት ብሎን ነው፣ ኮጆ። ሁለት ብሎን ብቻ።
በካቻቢቴ ፈታኋቸው፤ መዳፌ ላይ ወደቀች፣
ከአውራ ጣቴ ብዙም የማትበልጥ።
ወንፊቷ ውስጥ ዝገት፣ የባሕር አሸዋ፣ አንድ የጉንዳን ክንፍ፤
ይኼን ሁሉ ስትውጥ ኖራ ማን ይፈርድባታል ብታንጠፈጥፍ?
የዚያ ሰውዬ ጎማ በጥፍሬ ተላጠ፤
ከመክፈቻው ጀርባ ግን ማንም ያልነካት፣
አራት ቀዳዳ ያላት ዋናዋ ጎሚኒ ወጣች ደርቃ፣
እንደ ከረመ ቆዳ ተሰነጣጥቃ።

ዶሱ ዘንድ ሮጥኩ። «ሙሉውን ግዢ» አለኝ፤
«ጎሚኒዋን ብቻ» አልኩ፤ አራት መቶ ፍራንክ ከፈልኩ።
«አፊያቪ፣ ባልሽ ያውቃል?»
«ቢያውቅም ባያውቅም፣ ነቅቼ የማድረው እኔ ነኝ» አልኩ።
ሳቀ። «ብሎኑን እንደ ልጅ ሹሩባ አጥብቂው፤
እንዳይላላ፣ ግን እንዳታስለቅሺው።»

መለስኩ፣ አሰርኩ፣ ከጠርሙሱ ገልብጬ ሞላሁ፤
ከሥሩ ጋዜጣ አንጥፌ፣ ተንበርክኬ ጠበቅሁ።
አንድ ሰዓት፣ ደረቅ።
ሁለት ሰዓት፣ ደረቅ።
ያን ሌሊት፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ዝምታው እንቅልፍ ነሳኝ፤
በጨለማ እጄን ሰድጄ ዳበስኳት፣ ጣቴን አሸተትኩ፤
የሳሙና ሽታ ብቻ መጣልኝ።

ጠዋት ቢጫ ሸሚዝህን ለብሰህ ረገጥከው፤ ተነሣ።
ሩቢኔቱን ዘግቼዋለሁ አላልኩህም። ረስቼ አይደለም።
ካርቡራቶር ውስጥ የቀረችው እፍኝ እስከ አናጢው ቤት ታደርሳለች፤
ከዚያ ወዲያ ግን ማንንም አታውቅም።
ደረስክ። ሳለ። ቆመ።
ረገጥክ። ደግመህ ረገጥክ።
ደንበኛህ፣ ዶሮ ያቀፈችው ሴትዮ፣ እያጉረመረመች ወረደች፤
አንተም ወደ እኔ ዞርክ።

ከጠርሙሶቼ መሐል ሁለት ጣቴን አነሣሁና
የማትታይ መክፈቻ በአየር ላይ ወደ ታች አዞርኩልህ።
ጎንበስ አልክ። ፈለግሃት። እዚያው ነበረች፣
ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ከግራ ጉልበትህ ሥር።

የጎሚኒዋ አራት መቶ፣ ኮጆ፣
ብድርህ ላይ ተጽፏል።